37 የማን ነው?

አራት ኪሎ ጫማዬን እያስጠረግኩ ነው። ሎተሪ አዟሪው መጣና ትኬቶቹን አፍንጫዬ ሥር ዘረጋቸው። እኔ ሎተሪ አልገዛም። ዓይኔ ግን አንዷ ላይ ተተከለ። ከፊቷ ካለችው ዜሮ ቀጥሎ 142857 ትላለች።

ሒሳብ የሚወድ ሰው ይህን ቁጥር አይቶ ዝም አይልም። ስልኬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ለሊስትሮው ማሳየት ጀመርኩ። በ2 ሲባዛ 285714። በ3 ሲባዛ 428571። እስከ 6 ድረስ ብታባዛው እነዚያው ስድስት አሃዞች ናቸው። ተራቸውን ሳይለቁ፣ አራት ኪሎ ሐውልቱን እንደሚዞሩት ታክሲዎች ይዞራሉ። የሚለያየው መነሻቸው ብቻ ነው። ምክንያቱም 1ን ለ7 ስታካፍል ከነጥቡ በኋላ ማለቂያ ሳይኖረው የሚደጋገመው ይኸው ቁጥር ነው።

"በ5ስ?" አለ ሊስትሮው ብሩሹን አቁሞ።

714285።

"ኧረ ጋሼ!"

ሰው ተሰበሰበ። አራት ኪሎ ሰው ለመሰብሰብ ምክንያት አይጠይቅም። አዟሪው ትኬቷን ቀስ ብሎ ደረቱ ላይ ለጠፋት። "ይህቺን እኔው ብይዛት ይሻላል" አለ። የሁሉም ትኬት ዕድል እኩል ነው ብል ማን ይስማኝ!

"በ7ስ?"

999999 መጣ። አንዲት ነጠላ ያጣፉ እናት ከፊት ለፊቴ ጎንበስ ብለው አዩት። ለእሳቸው ስልኩ የተገለበጠ ነው።

"በስመ አብ! ስድስት መቶ ስልሳ ስድስት!"

"ያውም ሁለት ጊዜ" አለ ከኋላ አንዱ ነገር አቀጣጣይ።

አዟሪው ትኬቷን ከደረቱ አላቆ በሁለት ጣቱ አንጠለጠላት። "ወንድሜ፣ በቅናሽ ውሰዳት።"

"እማማ፣ ዘጠኝ እኮ ነው፤ በእኔ በኩል ይዩት" አልኩ። ማማተቡ ቀጠለ። ሌላ መንገድ ሞከርኩ።

"ቁጥሩ ለ27 ያለ ቀሪ ይካፈላል።"

እጃቸው አየር ላይ ቆመ። "መድኃኔዓለም!"

"ለ13ም ይካፈላል።"

"እግዚአብሔር አብ!"

"ለ11ም።"

"ቅድስት ሐና! ታዲያ ቀድመህ አትናገርም ልጄ?"

ሒሳብ ግን ተጀምሮ አይተውም። 11፣ 13 እና 27 ሲባዙ 3861 ነው የሚመጣው። 142857 ለመድረስ አንድ አባዢ ይቀራል።

"37" አልኩ።

ሁሉም ጸጥ አለ። ወር 30 ቀን ነው።

"37 የማን ነው?" አሉ እናት፣ ዓይናቸውን አጥብበው።

"የእኔ ጫማ ቁጥር ነው" አለ ሊስትሮው።

እናት ሳቃቸው አመለጣቸው። ከመቀነታቸው ብር ፈትተው ትኬቷን ገዙ፣ ያውም በሙሉ ዋጋ። ከዚያ ወደ ሥላሴ አቀኑ።

አዟሪው ወደ እኔ ዞረ። "ቀጣይዋ 142858 ናት። እሷስ ለስንት ትካፈላለች?"

ስልኬን ጠየቅኩት። ለ2 ትካፈላለች። የሚደርሰው 71429 ደግሞ ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ከ1ና ከራሱ በቀር ለማንም አይካፈልም።

"ለ2 ብቻ?" አለ ሊስትሮው ፊቱን አጨፍግጎ። "ጋሼ፣ ይቅርብህ። ሌላኛውን እግር አምጣ።"