«የእንቅልፍ መንፈስ» ስንለው የነበረው በሽታ

ጌታ ይባረክ ወገኖች። በሜሪላንድ በምትገኝ ቤተ ክርስቲያናችን የጸሎት ቡድን ውስጥ የምናገለግል ነርሶች ነን። የምንመሰክረው ስለ አንዲት እህታችን ነው፤ ፈቅዳልናለች፣ ስሟን ግን አንጠቅስም። ከእንቅልፍ መንፈስ እንድትፈታ 6 ዓመት ተጸልዮላታል። ጌታም መለሰ፤ የመለሰው ግን በሽታዋን በስሙ እንድናውቀው በማድረግ ነው።

አንድ እሑድ ሕፃናት መዝሙር ሲያቀርቡ አንደኛው ያስቃታል። አገጯ ወረደ፣ አንገቷ ዘመመ፣ ጉልበቷ ከዳትና ወለሉ ላይ ተዘረጋች። እንደ ልማዳችን ከበብናት፤ አንዱ ይገሥጻል፣ ሌላው ዘይት አምጡ ይላል። ደቂቃ ሳይሞላ ተነሣችና ላይዋ ላይ የተባለውን ሁሉ ደገመችልን፤ ዘይት የጠየቀው ማን እንደሆነ ሳይቀር። ነገሩ የገባን ያኔ ነው። መላ ሰውነትን የሚያንፈራግጠው የሚጥል በሽታ ሰው ራሱን እንዲስት ያደርጋል፣ ሲነቃም ግራ ያጋባዋል። እሷ ላይ የላላው ጡንቻ ብቻ ነው፤ ጆሮዋ ይሰማ ነበር። ይህ ካታፕሌክሲ ይባላል፤ ከምንም በላይ የሚቀሰቅሰው ሳቅ ነው።

በሽታው ናርኮሌፕሲ ነው። ሃይፖታላመስ በሚባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ ኦሬክሲን የሚባል ኬሚካል የሚያመነጩ ሴሎች አሉ፤ ንቃት ጸንቶ የሚቆየው በእነሱ ነው። ካታፕሌክሲ ባለበት ዓይነት አብዛኞቹ ሴሎች ጠፍተዋል። ስለዚህ ሕልም የሚታይበት እንቅልፍ በቀን ሳይጠራ ይገባል። ሌሊት ሲያስጮኻት የነበረው ዱካክም ከዚሁ ነው፦ በሕልም ሰዓት ሰውነትን የሚያስረው ነገር ሳይፈታ ዓይን ይገለጣል፣ ክፍሉ ውስጥ ሰው የቆመ ይመስላል። (ዱካክ ጤነኛውንም ይይዛል፤ ዱካክ የያዘው ሁሉ ናርኮሌፕሲ አለበት ማለት አይደለም።)

እህታችን ድባቴም (ዲፕሬሽን) ነበረባት፤ እሱ ላይ ቆም እንበል፤ እኛም ሐኪሞቹም የሳትነው እዚያ ላይ ነው። ሳቅ የሚጥላት ሴት ሳቅን ትሸሻለች። ሠርግ ትቀራለች፣ ቀልደኛ ጓደኛዋን ትርቃለች፣ ፊቷን ታጠነክራለች። ላያት ሰው ያዘነች ትመስላለች፤ እየዋለ እያደረ ግን ኀዘኑ የእውነት ይሆናል። ሥራ ላይ እያንቀላፋች ማስጠንቀቂያ ተጽፎባታል፣ መኪና መንዳት ትታለች፣ «ሰነፍ» ተብላለች። ክሊኒክ ስትሄድ 9 ጥያቄ ያለው የድባቴ መጠይቅ ተሰጣት። ከዘጠኙ ሦስቱ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ድካምና ስለ ትኩረት ናቸው፤ ናርኮሌፕሲ ብቻውን ከ27ቱ ነጥብ 9ኙን ሊሞላ ይችላል። ለመለየት የሚረዳው «ትፈልጊያለሽ ወይስ አትፈልጊም?» ብሎ መጠየቅ ነው። ናርኮሌፕሲ ብቻ ያለበት ሰው መውጣት ይፈልጋል፣ እንቅልፍ ይነጥቀዋል እንጂ። ድባቴ ያለበት ሰው ፍላጎቱ ራሱ ይደርቃል። እሷ ሁለቱም ነበሩባት፤ የታከመችው ግን ለአንዱ ብቻ ነው።

የታዘዘላት ቬንላፋክሲን ነበር። ይህ የድባቴ መድኃኒት ካታፕሌክሲንም ይገታል፤ ለዓመታት ጉልበቷ አልፎ አልፎ ከመላላት ያላለፈው በእሱ ነው። ከዚያ እሑድ በፊት በነበረው ሳምንት አንድ ወንድም «በእምነት ጣይው» ብሏት በአንዴ አቋርጣው ነበር። እንዲህ ሲቋረጥ መውደቁ በርትቶ ይመለሳል። በእምነት ስም መድኃኒት የምታስጥሉ ወገኖች፣ እባካችሁ ተዉ።

ለምርመራው ሁለት ሳምንት የእንቅልፍ ማስታወሻ መያዝና በቂ ሰዓት መተኛት ያስፈልጋል፤ የሌሊት ሥራ ውጤቱን ያዛባል። የድባቴ መድኃኒትም ያዛባል፤ መቼና እንዴት እንደሚቀነስ የሚወስነው ግን ሐኪሙ ነው። አንድ ሌሊት ላቦራቶሪ ውስጥ ታድራለች፤ በማግስቱ በየሁለት ሰዓቱ አምስት ጊዜ እንድትተኛ ይደረጋል። በዚያን ቀን ቡና የለም፤ ለሐበሻ ከባዱ እሱ ነው! በአማካይ በ8 ደቂቃ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ እንቅልፍ ከወሰዳትና ቢያንስ ሁለት ጊዜ በ15 ደቂቃ ውስጥ የሕልም እንቅልፍ ከገባች ናርኮሌፕሲን ያመለክታል። በጤነኛ ሰው የሕልም እንቅልፍ የሚመጣው ከአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ ነው።

አሁን ጠዋት ጠዋት ንቁ የሚያደርጋትን ሞዳፊኒል 200 ሚሊግራም ትወስዳለች (የወሊድ መከላከያ እንክብልን ስለሚያዳክም ሌላ ዘዴ መጨመር ያስፈልጋል)። ቬንላፋክሲኑም ተመልሷል፤ ሞዳፊኒል ካታፕሌክሲን አይገታምና። ሶዲየም ኦክሲቤት የሚባለው የሌሊት መድኃኒት ድባቴን ሊያባብስ ስለሚችል ሐኪሟ ትቶታል። በቀን ሁለቴ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ትተኛለች፣ አማካሪም ታያለች። መሞትን መመኘት ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ አሜሪካ ውስጥ 988 ይደወላል።

«ታዲያ ይህ ፈውስ ነው?» የሚሉን አሉ። የጠፉት ሴሎች አልተመለሱም፤ አንዋሽም። ግን በቅርቡ አንድ ሠርግ ላይ ወንበር ይዛ ስትስቅ አየናት። ጉልበቷ ላላ፣ ተቀመጠች፤ ሳቋን ግን አላቋረጠችም።