ቤዛዊት ላይ፣ ጉማሬ ስንጠብቅ

ባሕር ዳር ብዙ ጊዜ ተመላልሻለሁ። ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ግን በማለዳ ወጥቼ አላውቅም ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ሥነ ምድር ያጠናችው የአክስቴ ልጅ ገና ሳይነጋ ቀሰቀሰችኝ። የዓባይን ድልድይ በባጃጅ ተሻግረን ወደ ቀኝ ታጠፍን። ሹፌሩ፣ "ጉማሬ ለማየት ከሆነ ፀሐይ ሳትበረታ ድረሱ" አለን። ሌሊቱን ሣር ሲግጥ ያድርና ጠዋት ወደ ውሃው ይመለሳል።

አናቱ ላይ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተሠራው ቤተ መንግሥት አለ። እኛ ግቢው ውስጥ አልገባንም፤ የመጣነው ከደጁ ለሚታየው ነው። በግራ በኩል ከተማው፣ ዛፍ በዛፍ ሆኖ። ከታች ዓባይ ትንንሽ ደሴቶችን እየከበበ ይወርዳል። ከዚያ ወዲያ ጣና ነው። ወደ 3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ስለሚሰፋ ሰማይና ውሃው የት ላይ እንደሚገናኙ መለየት አቃተኝ። ታንኳዎቹ ከዚህ ሲታዩ የስንዴ ቅንጣት ያክላሉ።

"ጥልቀቱ ስንት ይመስልሃል?" አለችኝ።

መቶ ሜትር አልኩ። ለካ እጅግ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው! ደነገጥኩ። ባሕር የምንለው ውሃ አንድ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ አይውጥም ማለት ነው።

ከመንገዱ ዳር አንድ ጥቁር ድንጋይ አንስታ ሰጠችኝ። እንደ እንጀራ ዓይን ዓይን አለው። እሳተ ገሞራ ቀልጦ ሲፈስ በውስጡ የታፈነው ጋዝ የተወው ቀዳዳ ነው። የአካባቢው ደጋ መሠረት የተነጠፈው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ ቅላጭ ድንጋይ ነው። ከዚያ ብዙ ቆይቶ በደቡብ በኩል ሌላ ቅላጭ ፈሶ የውሃውን መውጫ ዘጋ፤ ጣናም ተጠራቀመ። ጢስ ዓባይ ላይ ውሃው የሚዘልለውም ከዚሁ ዓይነት ጥቁር ድንጋይ ነው። ያን ፏፏቴ ስንት ጊዜ አይቼ ድንጋዩን አንድ ቀን ልብ ብዬው አላውቅም።

ከሁሉ የከበደኝ ቀጥላ የነገረችኝ ነው። ሐይቁ አንድ ጊዜ ደርቆ ያውቃል። ተመራማሪዎች ከሥሩ ያለውን ደለል ቆፍረው ሲያዩ፣ ከ16 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ውሃው ሸሽቶ እንደነበር አወቁ። ዝናቡ ሲመለስ ሞላና እንደገና ወደ ዓባይ ፈሰሰ። ድንጋዩን በእጄ ይዤ ያን ባዶ ሜዳ ለማሰብ ሞከርኩ። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ በየክረምቱ የሚያመጡት አፈር እዚህ ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ነው የሚተኛው። እምቦጩም አለ። የተራቆተውን የገጠር ማሳ ሳስብ ሆዴ ይባባል።

ፀሐይዋ ወጣች። አንድ ዓሣ አዳኝ ንስር ጭንቅላቱ ነጭ ሆኖ ከዛፍ ላይ ጮኸ። ጦጣዎች ከቁጥቋጦው ወጥተው ቦርሳችንን ማየት ጀመሩ። ጉማሬው ግን የለም። አንድ የጥበቃ ልብስ የለበሱ አባት ሲያዩን ቆይተው፣ "ልጆቼ፣ ወደ ደሴቷ ሥር እዩ፤ ድንጋይ የሚመስለውን" አሉ።

አየን። ድንጋዩ ጆሮውን አራገፈ።

የአክስቴ ልጅ ክንዴን ጨበጠች። ቀጥሎ ከጎኑ ትንሽ ሌላ ጀርባ ብቅ አለ፤ ግልገል ነው። ሁለቱም እስኪሰምጡ ድረስ አንድም ቃል አልተነጋገርንም።