ኬሞ በድሬ ሙቀት፦ ቀን ቆጠራ፣ ቴርሞሜትርና ውሃ

የእኔ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት ሕክምና) በየ21 ቀኑ ነበር። መድኃኒቱ የተሰጠበትን ዕለት «ቀን 1» ብዬ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። በአብዛኛው ኢንፌክሽን የሚከላከልልን ነጭ የደም ሴል ክፉኛ የሚወርደው ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ነው። ክፋቱ፣ ማቅለሽለሹ አልፎ ሰው «ተሻለህ» የሚለው በዚያው ሰሞን መሆኑ ነው። በእነዚያ ቀናት ለቅሶ ቤት፣ ሠርግም ሆነ ከፊራ ገበያ አልሄድም።

ትኩሳት ጠዋትና ማታ እለካለሁ፤ ከፀሐይ እንደገባሁ ወይም ሻይ እንደጠጣሁ ግን አይሆንም፣ ጥላ ውስጥ 30 ደቂቃ አርፌ ነው። 38 ከደረሰ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ነው። ብርድ ብርድ ካለኝ ቁጥሩንም አልጠብቅም። ሳይለኩ ፓራሲታሞል መዋጥ ትኩሳቱን ይደብቃል፣ ኢንፌክሽኑ ግን ውስጥ ውስጡን ይቀጥላል። ድሬ ላይ ትኩሳት ሁሉ ወባ ወይም ዴንጊ ስለሚባል፣ ገና በር ላይ «ኬሞ ላይ ነኝ፣ ዛሬ 9ኛ ቀኔ ነው» ማለት ያስፈልጋል። የደም ቆጠራው የሚፋጠነው እንዲህ ሲባል ነው።

ውሃ በባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ጠዋት እሞላለሁ፤ ማታ ባዶ መሆን አለበት። (ልብ ወይም ኩላሊት የታመመ ሰው መጠኑን ሐኪሙ ይወስንለት።) ሲያስመልስ ወይም ሲያስቀምጥ አንዱን የኦ አር ኤስ (የጨውና ስኳር ዱቄት) ከረጢት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጦ፣ በየ5 ደቂቃው ሁለት ሁለት ጉንጭ መጠጣት ነው። በብርጭቆ ውሃ የሚበጠብጡት አሉ፤ ጨውና ስኳሩ ስለሚበዛ ተቅማጡን ያብሳል።

አፍ ሲቆስል፦ 1 ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ። ቤኪንግ ፓውደር አይደለም፤ ሱቅ ላይ ማሸጊያውን አንብቡ። ምግብ በበላሁ ቁጥርና ከመኝታ በፊት ተጉመጥሙጬ እተፋዋለሁ፤ በየቀኑ አዲስ ይዘጋጃል። በርበሬ ስለሚያቃጥል ለብ ያለ አልጫ ሽሮና አጥሚት ይሻላል። የግመል ወተት ሳይፈላ አይነካም። ፓፓያውን አጥቤ ራሴ እልጣለሁ እንጂ ተቆርጦ የሚሸጠውን አልገዛም።

ጫትን በግልጽ ልናገር፤ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ የደረቀውን አፍ ጭራሽ ያደርቃል። ያልታጠበ ጥሬ ቅጠል መሆኑም አለ። ከሰው ላለመራቅ፣ ቀኑ ሲፈቅድ በርጫው (ጫት የሚቃምበት ስብስብ) ላይ ሻዬን ይዤ አየር የሚገባበት በር አጠገብ እቀመጣለሁ።

ሕክምናው ሲያልቅ ድካሙ አብሮ አያልቅም፣ ወራት ሊወስድ ይችላል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ በ10 ደቂቃ እርምጃ ጀመርኩ፤ በየሳምንቱ 5 ደቂቃ እየጨመርኩ 30 አደረስኩት። ከኬሞው የተነሳ እጅና እግር ለደነዘዘበት ሰው ግን ነጠላ ጫማ አይሆንም። የድሬ ሲሚንቶ ቀትር ላይ ሲያቃጥል አይሰማውም። ሽፍን ጫማ በካልሲ ያድርግ፣ ማታ ማታ ውስጥ እግሩን በመስታወት ይይ፤ የገላ ውሃውንም በእጁ ሳይሆን በክርኑ ይሞክር።