ሮለራቸው ሰፊ የሆነ ትልልቅ የጽሕፈት መኪናዎችን በደሴና በኮምቦልቻ እንዴት እንዳሰባሰብኩ

አሮጌ የጽሕፈት መኪና የሚወድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑ የሚያርፈው በሻንጣዋ የምትያዘው ትንሿ ላይ ነው። ኦሊቬቲ ሌቴራ 22 ደሴ ውስጥ ብቅ ካለች ገዢ አታጣም። እኔን የሚማርከኝ ግን ጠረጴዛ ሙሉ የሚይዘው፣ ወረቀት የሚጠቀለልበትና ሲጻፍ ወደ ጎን የሚሄደው ሮለሩ ከሰውነቱ በግራም በቀኝም ወጣ ያለው ግዙፉ የቢሮ መኪና ነው። ቀድሞ የሚጠፋውም እሱ ነው። ቦታ ያጣብባል፤ ብቻውን የሚያነሣው ሰው የለም፤ ብረቱ ብዙ ስለሆነ ደግሞ ቆራሌው በኪሎ መዝኖ ይወስደዋል።

ፍለጋዬን የጀመርኩት ከጨረታ ማስታወቂያ ነበር። መሥሪያ ቤቶች ያገለገለ ንብረት ሲያስወግዱ የጽሕፈት መኪናው በስሙ አይጻፍም፤ ከወንበር እግርና ከተሰበረ መደርደሪያ ጋር «ልዩ ልዩ ቁርጥራጭ ብረት» ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ማስታወቂያ ከማንበብ ይልቅ ንብረት ክፍል ገብቶ ሠራተኞቹን መጠየቅ ያዋጣል። በ2014ቱ ጦርነት በሁለቱም ከተሞች ብዙ መሥሪያ ቤቶች ንብረታቸው ስለወደመና ስለተዘረፈ አሁን መጋዘን ውስጥ የሚገኘው ጥቂት ነው። እሱም ቶሎ ካልተጠየቀ ይሄዳል።

ትልቁን ትምህርት ያገኘሁት ግን ጡረታ ከወጡ ታይፒስት ነው። ሙጋድ አካባቢ ቤታቸው ሄጄ፣ «እትዬ፣ ይኼን ሁሉ ስፋት ምን አመጣው?» ብላቸው፣ «ፔይሮሉ ነዋ ልጄ! ወረቀቱ ካልገባ ምን ልንጽፍ?» አሉኝ። የደመወዝ መክፈያው ስም፣ ደመወዝ፣ ግብር፣ ጡረታ፣ ተቀናሽ፣ የተጣራ ተከፋይ፣ ፊርማ እያለ ወደ ጎን ይረዝማል። ኤ4 ወረቀት ወርዱ 21 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ኤ3 በርዝመቱ አግድም ሲገባ 42 ሴንቲ ሜትር ይፈልጋል። ታቡላተር የሚባለውን ቁልፍ ሲጫኑት ሮለሩ ከአንዱ ዓምድ ወደሚቀጥለው ተንሸራቶ ይቆማል። ከዚያ ወዲህ «ትልቅ መኪና አላችሁ?» ብዬ አልጠይቅም። «ድሮ ፔይሮሉና የንብረት መዝገቡ የት ክፍል ይጻፍ ነበር?» እላለሁ፤ መልሱ በቀጥታ ወደ መኪናው ይመራኛል። የተረፈ ባዶ ቅጽ ካገኘሁ ከመኪናው ጋር አብሬ እወስዳለሁ። ቅጹ ከሌለ የመኪናው ግዝፈት ለሚያየው ሰው ትርጉም አይሰጥም።

በዓለም ላይ ከዚህም የባሱ አስገራሚዎች ተሠርተዋል። ኤሊየት ፊሸር የተባለው የአሜሪካ መኪና በተጠረዘ መዝገብ ላይ ይጽፍ ነበር፤ መዝገቡ ተዘርግቶ ይቀመጥና መኪናው ራሱ በላዩ ይንቀሳቀሳል። እሱን ያየሁት በፎቶ ብቻ ነው። ለእኔ ግን የእኛው የአማርኛ መኪና ከዚያ አያንስም። 33ቱ ፊደላት በ7 ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ የተለመደ መኪና ደግሞ ከ50 ያነሱ ቁልፎች ናቸው ያሉት፣ እያንዳንዱም ሁለት ምልክት ብቻ ይይዛል። ኢንጂነር አያና ብሩ ይህን ችግር የተወጡት ዋናውን ፊደልና ድምፁን የሚለውጠውን ቅጥያ ለየብቻ እንዲመቱ በማድረግ ነው። የአማርኛ ፊደል ያለውና ሮለሩም ሰፊ የሆነ መኪና ሳገኝ የምደሰተውን ያህል በሌላ በምንም አልደሰትም።

ስለ ማጓጓዝ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም መኪናዎቹ የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ ሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት መውጣት አለ። ሮለሩን ይዛችሁ አታንሡ፤ ከሥር፣ ከዋናው አካል ያዙ፣ ለሁለት። ከመነሣቱ በፊት የጽሑፉን ዳር የሚወስኑትን የግራና የቀኝ ማርጅን ማቆሚያዎች ወደ መሐል አቅርባችሁ ሮለሩ እንዳይንሸራተት አድርጉ፤ በሲባጎም እሰሩት። የሰፊው መኪና ሮለር ከባድ ስለሆነ የሚጎትተው ሞላም ጠንካራ ነው። ሞላውንና ሮለሩን የሚያገናኘው ገመድ ከተፈታ ሞላው በኃይል ይተረተራልና ጣት ይጠበቅ። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የወጣው ኦሊምፒያ ኤስጂ 1 በዚህ ረገድ ይመቻል፤ ሮለሩ ያለ ካቻቪቴ ተነቅሎ ስለሚወጣ ሁለቱን ክፍል ለየብቻ መጫን ይቻላል።

የደሴ መኪና ዝገት፣ የኮምቦልቻው አቧራ ይዞ ይመጣል። የሁለቱ ከተሞች ከፍታ በ600 ሜትር ገደማ ይለያያል፤ የጦሳ ተራራ ጉምና የኮምቦልቻ ሙቀት በብረቱ ላይ ይታያሉ። ፊደል ያለባቸው መዶሻዎች የሚገቡበትን ግማሽ ክብ ብረት በቤንዚንና በጥርስ ብሩሽ አጥባለሁ፣ ዘይት ግን አላስነካውም፤ ዘይት አቧራ ይሰበስብና ፊደሎቹ ተመልሰው ይያያዛሉ። የስፌት መኪና ዘይት ሮለሩ በሚሄድበት ሐዲድ ላይ በጣም ጥቂት ይበቃል። የሮለሩ ጎማ ደርቆ ከሆነ ከጽሑፉ ወረቀት ጀርባ ሌላ ወረቀት ደርቡ። የደረቀ ሪባን በማኅተም ቀለምና በጥቂት ግሊሰሪን አርሼ አድራለሁ፤ እንደ አዲሱ ባይደምቅም ይነበባል።

አሁን እየሠራሁበት ያለሁት ከኮምቦልቻ ያመጣሁት ሰፊ የአማርኛ መኪና ነው። የአንዱ ቅጥያ ፊደል ከመዶሻው ላይ ወድቆ ጠፍቷል። ፊደሎቹ በመዶሻው ጫፍ ላይ የተበየዱ ስለሆኑ ከሌላ መኪና ማዛወር ይቻላል። ለዚህ ነው ጠባቡንና የተሰባበረውን የአማርኛ መኪናም የማልተወው፤ ቆራሌው ከሚሰጠው ትንሽ ጨምሬ እገዛዋለሁ። ተመሳሳይ ሞዴል ፒያሳ አንድ ጥገና ቤት መደርደሪያ ላይ አይቻለሁ፣ በዋጋው ገና አልተስማማንም።