የእመቤት ጫማ ኦርኪድ በሚኒሶታ ጓሮ፦ አልጋው፣ ውሃውና ግዢው

ሚኒሶታ ውስጥ ኦርኪድ ደጅ ይከርማል ሲባል ብዙ ሰው የሱፐርማርኬቱን የመስኮት ኦርኪድ አስቦ ይስቃል። እሱማ በአንድ ሌሊት ውርጭ ያልቅለታል። ሲፕሪፔዲየም ግን፣ አበባው ጫማ ስለሚመስል እዚህ የእመቤት ጫማ የሚሉት፣ ከ5 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሦስት ወር ያህል ካልተኛ በቅጡ አያብብም። ሲፕሪፔዲየም ሬጂኔ የተባለው እንዲያውም እ.ኤ.አ. ከ1902 ጀምሮ የግዛቲቱ አበባ ነው።

ብርዱን ይችላል፤ የሚያጠፋው ሥሩ ላይ ተኝቶ የሚቀር ውሃና የሰባ አፈር ነው። ስለዚህ ፍግም ኮምፖስትም አይግባበት። 60 በ60 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩና ውሃ ሙሉት። በማግስቱ ውሃው ካልሰረገ ሸክላ አፈር ላይ ናችሁ፤ ጉድጓዱ ገንዳ ስለሚሆን ትታችሁት ከመሬት በላይ መደብ ሥሩ። ድብልቁ 7 እጅ ፐርላይት ወይም ፑሚስ (ሁለቱም ቀላል፣ ቀዳዳማ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ናቸው)፣ 2 እጅ ሻካራ አሸዋ፣ 1 እጅ የበሰበሰ የቅጠል አፈር ነው። ጉድጓዱ 108 ሊትር ገደማ ይወስዳል። ፐርላይቱን ከመገልበጣችሁ በፊት ውሃ እርጩበት፤ አቧራው ለሳንባ አይመችም።

የሚተከለው ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ፣ ከሴፕቴምበር መጨረሻ እስከ ኦክቶበር ነው። መሐሉ ላይ ትንሽ ጉብታ ሥሩና ሥሮቹን እንደ ሸረሪት እግር ዙሪያውን ዘርጉ። ጉንቁሉ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር አፈር ይልበስ። ከዚያ ከጠለቀ ይበሰብሳል፤ ከላይ ከቀረ ደግሞ አፈሩ በረዶ እየሆነና እየቀለጠ ገፍቶ ያወጣዋል። መሬቱ በብርድ ሲጠጥር 5 ሴንቲ ሜትር የጥድ ቅጠል ጉዝጓዝ አልብሱት።

ዋናው አደጋ ያለው ሜይ ላይ ነው። ጉንቁሉ 10 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ የመጨረሻው ውርጭ ይመጣል። ማታ ባዶ ባልዲ ገልብጣችሁ ክደኑት፣ ጠዋት አንሱለት። ግንዱ ከተመታ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ዓመት ሌላ አያወጣም፤ ያለ ቅጠል ስንቅ ስለማይሰበስብ የሚቀጥለው ዓመት ጉንቁልም ይቀጭጫል።

ማዳበሪያ በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው መጠን ሩብ ብቻ፣ በየሁለት ሳምንቱ፣ ቅጠሉ ከተዘረጋ አንስቶ እስከ ጁላይ መጨረሻ ይበቃዋል። የቅጠሉ ጫፍ ቡናማ ሆኖ ከደረቀ ጨው በዝቷልና በዝናብ ውሃ እጠቡት። የግንዱ ሥር ከጠቆረ ሻጋታ ነው፤ ቆርጣችሁ ቆሻሻ ውስጥ ጣሉት እንጂ ኮምፖስት ላይ አታድርጉት። ጓንት አትርሱ፣ የሬጂኔ ጸጉር ቆዳ ያሳክካል።

ግዢው ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። የኦርኪድ ዘር እንደ ዱቄት የደቀቀ ነው፤ ስንቅ ስለሌለው በተፈጥሮ የሚበቅለው በአፈር ፈንገስ እርዳታ ነው። በላቦራቶሪ ብልቃጥ የበቀለ ችግኝ እስኪያብብ ዓመታት ይወስዳል፤ ዋጋው የሚወደደውም ለዚህ ነው። በጣም ከረከሰባችሁ፣ ሥሩ በአካፋ የተቆረጠ ከሆነና የጫካ አፈር ከያዘ ከዱር ተነቅሎ የመጣ ሊሆን ይችላል። ሚኒሶታ የዱሩን መንቀል እ.ኤ.አ. በ1925 በሕግ ከልክላለች። ሻጩን "ከዘር ነው? ስንት ዓመቱ ነው?" ብላችሁ ጠይቁት፤ መልሱ ከተድበሰበሰ ተዉት። ሲፕሪፔዲየም አካውሌን ደግሞ ጨርሶ አትንኩት፤ ኮምጣጣ አፈር ካላገኘ ይሞታል፣ ገበያ ላይ የሚታየውም በአብዛኛው የዱር ነው።

ለጀማሪ ዲቃሎቹ ጊዜላና ኡላ ሲልከንስ ይሻላሉ። ከውጭ አገር የሚያስመጣ ሰው የሳይተስ (ለመጥፋት የተጋለጡ ዝርያዎችን ንግድ የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት) ፈቃድና የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል። ከአገር ቤት ደጋ ሳቲሪየም ወይም ዲሳ የተባሉትን ኦርኪዶች ሥር በሻንጣ ማምጣትም በዚሁ ሕግ የተያዘ ነው፤ ቢመጣም የዚህን አገር ክረምት ደጅ አያልፍም።

ተክሉ ከበረከተ በኋላ ለመከፋፈል አትቸኩሉ፤ እያንዳንዱ ክፋይ ቢያንስ 3 ጉንቁል ይኑረው።