ቶሎ የሚያልቀው

ዛሬም እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ተነሥቼ ሳሎን ቁጭ አልኩና ስልኬ ላይ ሳምንት መቁጠር ያዝኩ።

ትናንት ጠበቃዋ ከባሌ ጋር ስለመፋታትና በፍርድ ቤት ስለመለያየት ብዙ ነገር አስረዳችኝ። እኔ የጠየቅኳት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቱ ቶሎ ያልቃል?

እዚህ እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ጥፋተኛው ማን ነው ተብሎ አይጠየቅም። ፍቺ ግን ቢያንስ 26 ሳምንት ይፈጃል። ከማመልከቻው በኋላ 20 ሳምንት ይጠበቃል። የመጀመሪያው ትእዛዝ ከተሰጠ በኋላ ደግሞ የመጨረሻውን ለመጠየቅ 6 ሳምንት ከ1 ቀን። በፍርድ ቤት መለያየት አንድ ትእዛዝ ብቻ ነው፤ 20 ሳምንቱም የለበትም። ለፍቺ ጋብቻው ዓመት መሙላት አለበት፤ ለመለያየት ግን የግድ አይደለም።

እፎይ አልኩ። "ፍቺ" የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ ብሎኝ ነበር። ለእናቴ እንኳ እስካሁን አልነገርኳትም።

ሌሊቱን ሳሰላስለው ግን ልቤ ከዳኝ። ከመለያየቱ ትእዛዝ በኋላም ሚስቱ ነኝ። እሱም እኔም ሌላ ማግባት አንችልም። ጡረታችንን ፍርድ ቤቱ የሚያካፍለን ስንፋታ ነው እንጂ ስንለያይ አይደለም። የቤቱ ነገር በሁለቱም መንገድ ያው ነው፤ ካልተስማማን ከ26 ሳምንትም ያልፋል። በኋላ እንፋታ ብንል ደግሞ ቆጠራው እንደገና ከመጀመሪያው።

ኑዛዜውማ አስደነገጠኝ። በፍርድ ቤት ከተለያዩት አንዱ ሳይናዘዝ ቢሞት፣ ሌላው በሕግ አይወርሰውም። የተጻፈ ኑዛዜ ካለ ግን መለያየቱ አያፈርሰውም። የኛ አለ። ቤቱን የገዛን ሰሞን ነው የጻፍነው፤ "አንቺ ቀድመሽ ፈርሚ" ብሎ እስክሪብቶውን የሰጠኝ ትዝ አለኝ። አለቀስኩ።

በሃይማኖታቸው ምክንያት መፋታት የማይፈልጉ አሉ። ለእነሱ መለያየቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ከልቤ አከብረዋለሁ። የኔ ግን ሃይማኖት አይደለም። ፍርሃት ነው።

አሁን ሕጉ ባልና ሚስት በአንድ ማመልከቻ ፍቺ እንዲጠይቁ ይፈቅዳል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ "ፍቺውን አብረን እናመልክት?" ብዬ ላኩለት። ቃሉን ስጽፈው የመጀመሪያዬ ነው።

ወዲያው መለሰልኝ። "እሺ። ቅዳሜ መጥቼ አብረን እንሞላዋለን።"

እሱም አልተኛም ነበር።