ጽዋው ማን ጋ ነው?

እንግዶቹ ከሄዱ አምስት ቀን ሆናቸው። ነጠላዬ ግን አሁንም ጭስ ጭስ ይላል።

ቦታው ከጎንደር ወደ ጎርጎራ ሲኬድ፣ ደንቢያ ላይ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። አባቴ ትቶልን የሄደው ግቢ። አንድ የሳር ጎጆ፣ ሁለት ቆርቆሮ ቤት፣ አንድ ዋርካ። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ አሥር አሥራ ሁለት ሰው እቀበላለሁ። ከአዲስ አበባም፣ ከባሕር ዳርም፣ ከራሷ ከጎንደርም ይመጣሉ። ጠዋት ጠዋት ዝም ብሎ መቀመጥ አለ። ከዚያ አንድ ቀን ስፌት፣ አንድ ቀን ሸክላ፤ ለሸክላው ከወለቃ ባለሙያ ትመጣልናለች። ቀኑን ደግሞ ከበዓል ጋር አገጥመዋለሁ፤ ቡሄ ከሆነ ችቦና ሙልሙል፣ መስቀል ከሆነ ደመራ። በመንገድ ምክንያት የተሰረዘም አለ፤ እሱን ሌላ ቀን።

እነሱ «ሪትሪት» ይሉታል። አክስቴ ቃሉ አልገባት ቢል መጀመሪያ ሰሞን «የማን ማኅበር ነው? የሚካኤል ነው የማርያም?» አለችኝ።

«የማንም አይደለም እቴቴ። ሰው መጥቶ የሚያርፍበት ነው።»

«ቤታቸው አያርፉም?»

መልስ አልነበረኝም። ሱባኤ ነው እንዳልላት ድፍረት ነው፤ ማታ ማታ ጊታር የሚያነሳ አይጠፋም።

የአሁኑ ኅዳር 12 ላይ ነበር የዋለው። ጾሙ ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው ማለት ነው። ቀን ላይ የአክስቴ የሚካኤል ማኅበር ስለነበር እንግዶቼን ይዤ ሄድኩ። ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ተቀዳ። መጨረሻ ላይ ጽዋው ለባለተራው ተሰጠ። ሰውየው ተነስቶ፣ ተሳልሞ ተቀበለ። እልልታው ቀለጠ። ከእንግዶቼ አንዷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «አሁን ምን ሆነ?» አለችኝ። የሚቀጥለው ወር እሱ ቤት ነው አልኳት። «ግዴታ ነው?» አለች። ግዴታም አይደለም፣ ውዴታም አይደለም፤ ተራ ነው። እንዴት እንደማስረዳት ጠፋኝ።

ማታ ላይ ነው ጉዱ። የአዲስ አበባዎቹ «ኅዳር ሲታጠንን እናድርግ» አሉ። በ1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ኅዳር ላይ አዲስ አበባን ሲፈጃት፣ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ለጥቂት ነው የተረፉት። ቆሻሻ ሰብስቦ ማጨሱ ከዚያ ወዲህ የመጣ ልማድ ነው ይባላል። እኔም ደስ አለኝ። በሉ ቆሻሻ አምጡ አልኳቸው።

ቆሻሻ የለም! ግቢውን ዞረው ዞረው አጡ። እበቱ ኩበት ይሆናል፣ አመዱ ጓሮ ይገባል፣ ገለባው የከብት ነው። ሦስት የውሃ ፕላስቲክ ተገኘ፤ እሱንም ያመጡት እነሱ ናቸው። በመጨረሻ ደረቅ አረምና የባሕር ዛፍ ቅጠል ከምረን ለኮስነው።

ለኩሰን ፎቶ እየተነሳን ሳለ ነፋሱ ዞረ። ከአጥራችን ማዶ የጎረቤታችን የጤፍ ክምር አለ። ገና ያልተወቃ። አንዲት ብልጭታ ተነስታ ስትሄድ አየኋት፤ ክምሩ ግርጌ ወርዳ ገለባው ላይ አረፈች። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ጥለው እየሮጡ መጡ።

«አንቺ ልጅ! ዓመቴን ልታቃጥዪብኝ ነው?»

የእጅ መታጠቢያው ውሃ፣ የሚጠጣው ውሃ፣ አፈር፣ ያገኘነውን ሁሉ ደፋንበት። ጠፋ። የጠቆረው የመዳፍ ያህል ነው። ያን ያህል ብቻ። ግን እጄ እስከ ሌሊት ድረስ ይንቀጠቀጥ ነበር። ኅዳር ላይ፣ አውድማ አጠገብ እሳት እንደማይነድ የገበሬ ልጅ ሆኜ ጠፍቶኝ ነው? አልጠፋኝም። እንግዶች ደስ ይበላቸው ብዬ ነው።

አክስቴን ይዤ ይቅርታ ልል ሄድኩ። ካሳ እንከፍላለን አልኩ። «ብርሽን ያዢ» አሉ። «ቆላው ጥግ ያልታጨደች ጤፍ አለችኝ። ነገ ልጆቹን ላኪልኝ።»

ላክኋቸው። አሥራ አንድ ሰው፣ ግማሹ ማጭድ ይዞ የማያውቅ፣ ጓንት የጠየቀም አለ። እስከ እኩለ ቀን አጨዱ። እውነቱን ለመናገር ሽማግሌው ብቻቸውን ቢሆኑ ይፈጥኑ ነበር። ባለቤታቸው ጠላና ንፍሮ አቀረቡ። ሽማግሌው ጥላ ስር ተቀምጠው፣ ፊታቸውን ሳይፈቱ፦

«ይሄ ደቦ ነው ወንፈል?»

ልዩነቱን ለእንግዶቹ ነገርኳቸው። ደቦ ከሆነ አብልቶ አጠጥቶ መሸኘት ነው። ወንፈል ከሆነ ቀን በቀን ይመለሳል። አንዱ ልጅ ፈጠን ብሎ «ወንፈል ነው አባቴ» አለ።

«እንግዲያ እኔ አዲስ አበባ መጥቼ ምን ልጨድላችሁ?»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ጥያቄው ከነከነኝ። አራት ዓመት ሙሉ አስተናጋጅ ነኝ። ይመጣሉ፣ ይከፍላሉ፣ «ቤታችን ሆኖ ነው የተሰማን» ይሉኛል፣ ይሄዳሉ። ከእኔ ጽዋ የተቀበለ አንድም ሰው የለም። መቀበል እንዳለበትም የነገርኩት የለም። እንዲያውም ሒሳባቸውን ዘግተው ሲሄዱ ነገሩ አለቀ ብዬ እፎይ የምል እኔው ነኝ።

አክስቴ ግን የራሷን ነገር ሠርታለች። በስፌቱ ቀን ያቺ ማኅበር ላይ የጠየቀችኝ ልጅ ሰፌዷ እየተጣመመ አስቸግሯት ነበር። አክርማው ውሃ ውስጥ ቆይቶ ካልለሰለሰ ይሰበራል፣ እሷ ደግሞ ቸኮለች። ሦስት ጊዜ ፈታችው። ሲሸኙ አክስቴ ያንኑ ጠማማ ሰፌድ ከነወስፌው፣ ከአንድ እፍኝ ስንደዶና አክርማ ጋር በፌስታል ጠቅልላ ሰጠቻት። «ጨርሰሽ ታሳዪኛለሽ» አለቻት። ስጦታ መስሏት አመሰገነች።

ትናንት ደወለች። አክርማው አልቆባታል፣ የት እንደሚገዛ ትጠይቃለች። ሰፌዱ አሁንም ጠማማ ነው አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጥር ላይ እኔ ቤት ብንሰበሰብስ? ሁሉንም ጠይቄያቸዋለሁ፤ ስምንቱ እሺ ብለዋል። እማማም ይምጡ» አለች። ቤቷ ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ።

ለአክስቴ ነገርኳት። ሽሮ እየነፋች ነበር፤ ወንፊቱን አቆመች።

«አራተኛ? ጠላውን ማን ሊያወጣው ነው?»